የቤት ሰርቨር ላይ ዲኤንኤስ ሲዘገይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሰርቨር ያቆመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህችን አቤቱታ ያነሳል፦ "ኢንተርኔቱ ደህና ነው፤ ቪዲዮም ሳይቆራረጥ ያሳያል። አዲስ ገጽ ስከፍት ግን መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ ድንገት ሁሉም በአንዴ ይመጣል።" ያቺ የመጀመሪያዋ ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ የዲኤንኤስ ናት። እኔም ከአሮጌ ላፕቶፕ በሠራሁት ሰርቨር የቤቴን ኔትወርክ ሳስተዳድር ከእሷ ጋር ብዙ ታግያለሁ። ከታች ያሉት ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እንደሚነበቡ በአማርኛ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ዲኤንኤስ ምን ይሠራል? የእኔ ሰርቨርስ ምን አገባው?

ኮምፒውተር የሚግባባው በቁጥር ነው፤ እኛ የምናስታውሰው ስም ነው። ዲኤንኤስ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን ይመልሳል። ድሮ ኔትወርኩ ትንሽ ሳለ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ የስም ዝርዝር ፋይል እየገለበጠ ይይዝ ነበር። ያ አላዋጣ ሲል ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዛሬ የምንጠቀምበትን ሥርዓት ነደፈ።

ሰርቨራችሁ ላይ እንደ ፓይ-ሆል፣ አድጋርድ ሆም፣ ዲኤንኤስማስክ ወይም አንባውንድ ያለ የዲኤንኤስ ፕሮግራም ከጫናችሁ፣ የቤቱ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ሁሉ ስም የሚጠይቀው እሱን ነው። አንድ ገጽ ሲከፈት ደግሞ የሚጠየቀው አንድ ስም ብቻ አይደለም። ፎቶው ከአንድ ቦታ፣ የፊደል ቅርጹ ከሌላ፣ ማስታወቂያው ከሌላ ይመጣል። ስለዚህ ሰርቨሩ ትንሽ ሲያንቀላፋ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማዋል።

ጥፋቱ የዲኤንኤስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዲግ የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ዲግ፣ ቀጥሎ የ@ ምልክትና የሰርቨራችሁን ቁጥር ከነነጥቡ፣ ለምሳሌ @192.168.1.10፣ መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን ስም ጻፉ። ከሚመጣው መልስ ግርጌ "ኩዌሪ ታይም" የምትል መስመር አለች። እሷን አንብቡ። በሚሊሰከንድ ነው የምትናገረው።

ያንኑ ትእዛዝ ወዲያው ድገሙት። የመጀመሪያው 180 ብሎ ሁለተኛው 0 ወይም 1 ካለ፣ ሰርቨራችሁ ጤነኛ ነው። አንዴ ውጭ ሄዶ ጠይቋል፤ ሁለተኛውን ከካሹ፣ ማለትም ከጊዜያዊ ማስታወሻው አውጥቶ ሰጥቷችኋል። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ከዘገየ ካሹ እየሠራ አይደለም፤ ወይም በሰርቨሩና በእናንተ መካከል ያለው መስመር ታሟል። ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ በዋይፋይ የተገናኘ ሲሆን ነው ይህ የሚያጋጥመው። በኬብል አገናኙትና እንደገና ለኩ።

ከዚያ ያንኑ ጥያቄ @8.8.8.8 ብላችሁ በቀጥታ ለውጭው፣ ለጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ጠይቁ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ይህን ሳያደርግ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት የሚጀምር ሰው ምን እንደተስተካከለ ሳያውቅ ይቀራል፤ ችግሩም በሳምንቱ ይመለሳል።

ሁልጊዜ ልክ 5 ሰከንድ ነው የሚቆየው። ምን ማለት ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የጠየቀው ሰው ሰከንዱን ቆጥሯል። ሰከንዱን የቆጠረ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመር ሲርቅ ወይም ሲጨናነቅ የሚመጣው መዘግየት ወጥ አይደለም። አንዴ 90 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ 240፣ አንዴ 400 ይሆናል። ልክ 5 ሰከንድ፣ ወይም ልክ 10 ሰከንድ ሲሆን ግን ማንም እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት ስም ፈላጊ አንድ ሰርቨር ጠይቆ መልስ ካጣ 5 ሰከንድ ይታገሣል፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ዝርዝሩን ሁለት ዙር ይሞክራል። ስለዚህ አንድ የማይመልስ ሰርቨር ብቻ ከተጻፈለት 10 ሰከንድ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል።

ይህን ካወቃችሁ የምትፈልጉት የፈጠነ ሰርቨር ሳይሆን መልስ የነፈገውን ነው። ኢቲሲ በሚባለው ማህደር ውስጥ ያለውን ሪዞልቭ-ዶት-ኮንፍ፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ቁጥር የተጻፈበትን ፋይል፣ ክፈቱ። "ኔምሰርቨር" የሚሉትን መስመሮች አንድ በአንድ በዲግ ጠይቋቸው። አንድ ጓደኛዬ ቤት ያገኘሁት የመጀመሪያው መስመር ከሁለት ዓመት በፊት የተጣለ ራውተር ቁጥር ነበር። ሁለተኛው መስመር ትክክለኛ ነው። እናም ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ አዲስ ስም የሌለውን ራውተር 5 ሰከንድ እየጠበቀ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ጠይቆ በ2 ሚሊሰከንድ መልስ ያገኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንተርኔቱን ሲረግም ኖሯል። መስመሯን ሰረዝናት፤ አለቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ይህ ስም ፈላጊ ትናንት የከዳውን ሰርቨር አያስታውስም። ሁልጊዜ ከላይ ይጀምራል። "ሁለተኛው መጠባበቂያ ስለሆነ ምንም አይደል" ማለት አይሠራም። መስመሩን ማስተካከል ለጊዜው ካልቻላችሁ፣ "ኦፕሽንስ ታይምአውት" በሚለው ምርጫ ጥበቃውን ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት። ማስታገሻ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ሌላም አለ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር 127.0.0.53 ብቻ ከሆነ ከኋላው ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የሚባል ጥያቄ አስተላላፊ ፕሮግራም አለ። እውነተኞቹን ሰርቨሮች ለማየት "ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ" ብላችሁ ጠይቁት።

ዲግ ሲጠይቅ ፈጣን ነው፤ ፕሮግራሞቹ ግን አሁንም ይዘገያሉ። እንዴት?

ዲግ በአቋራጭ ነው የሚሄደው። ፕሮግራሞች ግን በዋናው በር ያልፋሉ፦ ኤንኤስስዊች የሚባለው ፋይል በሚያዝዘው ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሆስትስ ፋይልን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር፣ ያያሉ። ያንን መንገድ ለመለካት "ጌትኤንት ኤሆስትስ" የሚለውን ትእዛዝ ከስሙ ጋር ስጡት። ዲግ 2 ሚሊሰከንድ ብሎ ይሄኛው 5 ሰከንድ ከፈጀ፣ ጥፋቱ ሰርቨሩ ጋ ሳይሆን ጠያቂው ኮምፒውተር ውስጥ ወይም በመካከል ነው።

በጣም የተለመደው ምክንያት የሁለት ጥያቄዎች ነገር ነው። ሊኑክስ ለአንድ ስም ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይልካል፤ አንዱ ለአይፒቪ4 (ለአሮጌው ዓይነት)፣ አንዱ ለአይፒቪ6 (ለአዲሱ ዓይነት) ቁጥር። ሁለቱም ከአንድ ፖርት፣ ማለትም ከአንድ ባለ ቁጥር የኔትወርክ በር፣ ነው የሚወጡት። አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች ለአንደኛው መልስ ካመጡ በኋላ "ጉዳዩ ተዘጋ" ብለው ሁለተኛውን ይጥሉታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ያው 5 ሰከንድ። ሪዞልቭ-ዶት-ኮንፍ ውስጥ "ሲንግል-ሪክዌስት-ሪኦፕን" የሚለውን ምርጫ አስገቡ፤ ሁለቱን ከተለያየ ፖርት እንዲልክ ያደርገዋል። ችግሩ በዚያው ከቆመ ራውተሩን ለመቀየር ማስረጃ አገኛችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት "ሰርች" የሚለው መስመር ነው። እዚያ ሁለት ሦስት ዶሜይን ከተደረደረ፣ አጭር ስም ስትጽፉ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን እያስከተለ ይሞክራል። አንዱ የማይመልስ ከሆነ ጥበቃው ይባዛል። የማትጠቀሙበትን አውጡት።

ሱዶ ስል ወይም በኤስኤስኤች ስገባ ለምን ይቆማል? እነሱ ኢንተርኔት አይፈልጉም አይደል?

አይፈልጉም፤ ስም ግን ይፈልጋሉ። ሱዶ፣ ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው፣ የራሱን ኮምፒውተር ስም ይፈትሻል። ኮምፒውተራችሁን አዲስ ስም አውጥታችሁለት ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ ፋይል ካላስተካከላችሁ፣ የገዛ ስሙን ውጭ ሄዶ ይጠይቃል። ማንም አያውቀውም። የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትቆያለች። 127.0.1.1 ካለበት መስመር ላይ አዲሱን ስም ጻፉ። አንድ ቃል ናት።

ኤስኤስኤች፣ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነን ሰርቨሩ ውስጥ የምንገባበት፣ ደግሞ የገባው ሰው ከየት እንደመጣ በተቃራኒው ይጠይቃል፤ ከቁጥር ወደ ስም። የቤት ቁጥሮች፣ እነ 192.168፣ በዓለም ላይ ባለቤት የላቸውም። ሰርቨራችሁ ይህን ጥያቄ ወደ ውጭ ከላከው መልስ ላይመጣ ይችላል። በብዛት የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይህን ልማድ በራሱ ዘግቶታል፤ አሮጌ ሰርቨር ካላችሁ ግን "ዩዝዲኤንኤስ ኖ" የሚለውን መስመር ራሳችሁ አስገቡ። ከሁሉ የሚሻለው ዲኤንኤስማስክ ላይ "ቦገስ-ፕሪቭ" የሚለውን ማብራት ነው። የቤት ቁጥር ጥያቄ ከቤት አይወጣም።

8.8.8.8 ይሻላል ወይስ 1.1.1.1?

የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር የሕዝብ ዲኤንኤስ ነው። ከእናንተ ቤት የሚቀርበው ይሻላል፤ እሱንም መለካት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው የሰጣችሁ ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። ለእያንዳንዱ አሥር ጊዜ ዲግ አድርጉና ከፍተኛውን ተመልከቱ። አማካዩ አያናድድም፤ የሚያናድደው አልፎ አልፎ የሚመጣው ከባዱ ነው። የኢንተርኔት አቅራቢያችሁን ሰርቨርም አብራችሁ ለኩት።

አንድ የማይታይ ነገር ግን አለ። ትልልቅ የቪዲዮና የፎቶ አገልግሎቶች ቅጂያቸውን በየአገሩ ያስቀምጣሉ። የቱ ቅጂ እንደሚቀርባችሁ የሚገምቱት ደግሞ ከዲኤንኤስ ጥያቄው ነው። 8.8.8.8 ሲጠይቅ የእናንተን ኔትወርክ ከፊሉን ቁጥር አብሮ መላክ ይችላል። 1.1.1.1 ለግላዊነት ሲባል ይህን አያደርግም። የኳድ9 ሰርቨር የሆነው 9.9.9.9ም አያደርግም፤ የሚያደርገው ወንድሙ 9.9.9.11 ነው። ስለዚህ ስም ፍለጋው ፈጥኖ ቪዲዮው ከሩቅ አገር ሊመጣ ይችላል። የምትከፍቱት ነገር ከተጎተተ ይህንንም ጠርጥሩ።

አንባውንድ ጫንኩ፤ የመጀመሪያው ፍለጋ ከበፊቱ ባሰ። ተሳሳትኩ?

አልተሳሳታችሁም። ሥራው ነው የበዛው። ለሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፍ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። አንባውንድ በራሱ ሲፈልግ ግን መጀመሪያ ሥረ-ሰርቨሮቹን፣ የስም ፍለጋ ሁሉ መነሻ የሆኑትን፣ ይጠይቃል። እነሱ ከኤ እስከ ኤም 13 ስም አላቸው፤ በዓለም ዙሪያ የተተከሉት ማሽኖች ግን ከሺህ በላይ ናቸው። ከዚያ የዶት-ኮም ወይም የዶት-ኢቲን ኃላፊ፣ ከዚያ የድረ ገጹን ሰርቨር ይጠይቃል። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን ሦስቱ 450 ይሆናሉ። ከሩቅ ኬብል መጨረሻ ላይ ያለን ሰዎች ይህ ይሰማናል።

ጥቅሙ ግላዊነት ነው፤ የቤታችሁን ጥያቄ ሁሉ አንድ ድርጅት ተቀምጦ አያነበውም። ያንን ከፈለጋችሁ አትንቀሉት። ሁለት ነገር ብቻ አብሩ። "ፕሪፌች" ተወዳጅ ስሞች ጊዜያቸው ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ያድሳቸዋል። "ሰርቭ-ኤክስፓየርድ" ደግሞ ጊዜው ያለፈ መልስም ቢሆን ወዲያው ሰጥቶ ከጀርባ ያድሰዋል። ሁለተኛው እኔ ቤት ያመጣውን ለውጥ ማንም ሳይነገረው አስተውሏል። አይፒቪ6 ከሌላችሁ "ዱ-አይፒ6 ኖ" በሉት፤ አለበለዚያ የማይደርስባቸውን ቁጥሮች እየሞከረ ጊዜ ያባክናል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለምን ይብሳል?

ይህ እኛ አገር ላለን ሰው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉት መመሪያዎች ግን እምብዛም አያነሱትም።

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ካሹ የሚቀመጠው በራም ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲመጣ ሰርቨሩ ሁሉንም ስም እንደ አዲስ ይማራል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ግን ሰው ያሳብዳል። ብዙዎች ለቤት ሰርቨር የሚጠቀሙበት ትንሹ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይ፣ እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ሲነሳ ሰዓቱን የሚቀጥለው ለመጨረሻ ጊዜ ካስቀመጠው ላይ ነው። አሮጌ ላፕቶፕም የሰዓት ባትሪው ሲሞት ዓመቱን ሳይቀር ይሳሳታል። ዲኤንኤስሴክ የሚባለው ማረጋገጫ ደግሞ ፊርማ ያያል፤ ፊርማ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ሰርቨር ትናንት የተፈረመውን ሲያይ "ይህ ገና ነው" ብሎ ይጥለዋል። ስም አያገኝም። ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ የሰዓት ሰርቨር ስም መፈለግ አለበት። ስሙን ለማግኘት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልገዋል። እንዲህ እየተሽከረከረ ይቀራል።

አንድ ጠዋት ከሦስት ቀን የመብራት መጥፋት በኋላ ይህ ደረሰብኝ። ቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ሳደርግ ግን ይመልሳል። ዲግ "ሰርቭፌይል"፣ ሰርቨሩ መመለስ አልቻለም፣ ይለኛል። "ዴት" ብዬ ስጽፍ ከሦስት ቀን በፊት ያለውን ቀን አሳየኝ። ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩት፤ በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተከፈተ።

ዘላቂ መፍትሔው ሦስት ነው፤ አንዱ ይበቃል። ዲኤስ3231 የምትባለውን ባለ ባትሪ ትንሽ ሰዓት ፓዩ ላይ መሰካት። ወይም የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር መጻፍ። ወይም አንባውንድ ላይ ለሰዓት ሰርቨሩ ስም ብቻ "ዶሜይን-ኢንሲኪዩር" ብሎ ፊርማውን እንዳያይ ማድረግ። ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶችም (መጠባበቂያ ባትሪዎች) አጭር መቆራረጥን ያሳልፋሉ።

ቀን ደህና ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ይዘገያል። ለምን?

ማታ ምን ይላካል? ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ስልኮች ቻርጅ ላይ ሲሰኩ የቀኑን ፎቶ መጫን ይጀምራሉ። ሰርቨራችሁም መጠባበቂያ ቅጂ የሚልከው ማታ ይሆናል። የሚወጣው መስመር ጠባብ ስለሆነ ራውተሩ በር ላይ ሰልፍ ይሠራል። የዲኤንኤስ ጥያቄ ትንሽ ናት፤ ግን ተራዋን ከዚያ ሁሉ ፎቶ ኋላ ትጠብቃለች።

ቅጂውን ለአንድ ደቂቃ አቁሙና ዲግ አድርጉ። 900 የነበረው ወደ 60 ከወረደ አገኛችሁት። ቅጂውን የምትልኩት አርሲንክ በሚባለው ፕሮግራም ከሆነ "ቢደብሊውሊሚት" በሚለው ምርጫ ፍጥነቱን ገድቡ። ራውተራችሁ የሚሠራው ኦፕንደብሊውአርቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከሆነ ኤስኪውኤምን፣ ሰልፉን የሚያስተዳድረውን ተጨማሪ፣ ጫኑና ኬክ የሚባለውን የሰልፍ አደራጅ ምረጡ፤ ገደቡን ከመስመራችሁ ትክክለኛ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ካሹን ባሳድገው ይፈጥናል?

በአብዛኛው አይፈጥንም። ዲኤንኤስማስክ ሲጫን 150 ስም ብቻ ይይዛል፤ ለአንድ ቤት ያንሳል፤ ወደ ጥቂት ሺህ አውጡት። ከዚያ በላይ ግን መልሶቹ ራሳቸው የተወሰነላቸው ዕድሜ ስላላቸው ቦታው ባዶ ይቀመጣል።

ሰርቨሩ አንዳንዴ በጥያቄ ይጥለቀለቃል። ጥቃት ነው?

መጀመሪያ ክብ መንገድ ሠርታችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ፓይ-ሆል ጥያቄውን ለራውተሩ ያስተላልፋል፤ ራውተሩ ደግሞ ለፓይ-ሆል እንዲያስተላልፍ ታዟል። አንድ ጥያቄ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ይበዛል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወደ ውጭ ይመልከት።

ለቤቴ ዕቃዎች ዶት-ሎካል የሚል ስም ሰጠኋቸው፤ እነሱ ብቻ ይዘገያሉ።

ዶት-ሎካል ለሌላ ሥርዓት የተያዘ ነው። ስሙ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ ሰርቨራችሁን ትቶ ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ "ይህ ማነው?" ብሎ ይጮኻል፤ የሚመልስ ይጠብቃል። ለቤት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ የተመደበው ሆም-ዶት-አርፓ ነው። አያምርም፤ ግን ከማንም ጋር አይጋጭም።

ሁሉንም ሞከርኩ፤ አሁንም አላገኘሁትም።

እንግዲያውስ በዓይናችሁ እዩት። ሰርቨሩ ላይ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን "ሰረዝ-ኤን ፖርት 53" ብላችሁ አስነሱ፤ ሰረዝ-ኤን በስም ፈንታ ቁጥር እንዲያሳይ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከዚህ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን አንድ ስም ክፈቱ። ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ሲገባ አንድ መስመር ይታያል፤ ከሰርቨሩ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላ መስመር። በግራ በኩል ሰዓቱ እስከ ሽራፊ ሰከንድ ተጽፏል። መስመሮቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። እዚያ ላይ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። በቆመው መስመር ላይ ከ> ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ተጠይቆ ዝም ያለው ሰርቨር ነው። ወደ ማስተካከያው ተመለሱና እሱን ቁጥር ፈልጉት።